የአንጎልን ኤሌክትሪክ የለኩት ሐኪም እና የማስታወስ ችሎታችን

መንገድ ላይ አንድ ሰው ሞቅ አድርጎ ሰላም ይላችኋል። ፊቱን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ስሙ ግን አልመጣ ይላል። አፋችሁ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ከተለያችሁ በኋላ፣ ታክሲ ውስጥ ወይም ማታ እራት ላይ፣ ሳትፈልጉት ስሙ ብቅ ይላል። ይህ ያልገጠመው ሰው ያለ አይመስለኝም። በጠቅላላ ሐኪምነት በምሠራበት ክፍልም ስለ መርሳት የሚያማክሩኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከእነርሱም ጥቂት የማይባሉት ራስ ላይ ሽቦ ተደርጎ የሚሠራው የአንጎል ምርመራ እንዲታዘዝላቸው ይጠይቃሉ። ምርመራው የጠፋባቸውን ነገር ፈልጎ የሚያገኝላቸው፣ አንዳንዴም በልባቸው ያለውን ሁሉ የሚያነብባቸው ይመስላቸዋል።

ይህ ምርመራ ኤሌክትሮኢንሴፋሎግራም፣ በአጭሩ ኢ.ኢ.ጂ. ይባላል። የአንጎል ሕዋሳት ሲሠሩ የሚፈጥሩትን እጅግ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ ተቀብሎ በሞገድ መልክ ያሰፍራል። ይህንን ከሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለክተው በወረቀት ያስቀመጡት ሀንስ በርገር የተባሉ ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም ናቸው። የእኚህን ሰው ሕይወት ማወቅ ምርመራው ምን እንደሚነግረንና ምን እንደማይነግረን ለመረዳት በጣም ይጠቅማል። ስለዚህ ዛሬ ታሪካቸውን ከመነሻው አጫውታችኋለሁ፤ በመጨረሻም ለእናንተና ለቤተሰባችሁ የሚሆን ምክር እጨምራለሁ።

ከፈረስ መውደቅ የተነሳ ጥያቄ

ሀንስ በርገር የተወለዱት እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 1873 በጀርመን፣ ኮቡርግ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ኖይሴስ ነው። አባታቸው ሐኪም ነበሩ። የእናታቸው አባት ደግሞ ፍሪድሪሽ ሩከርት የተባሉ በሀገሩ ስመ ጥር የሆኑ ገጣሚና የምሥራቅ ቋንቋዎች ሊቅ ናቸው። ወጣቱ በርገር በመጀመሪያ የተመኙት ሕክምናን አልነበረም። ሒሳብና የከዋክብት ጥናት ለመማር ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ግን ትምህርቱን አቋርጠው ለአንድ ዓመት በፈረሰኛ ጦር ውስጥ በወታደርነት አገለገሉ።

በዚያ የወታደርነት ጊዜያቸው አንድ ቀን ልምምድ ላይ ሳሉ ፈረሳቸው በድንገት ተነሥቶ ጣላቸው። የወደቁት ፈረሶች በሚጎትቱት መድፍ መንገድ ላይ ነበር። መድፉ ሊያልፍባቸው ጥቂት ሲቀረው ነጂው ፈረሶቹን ገትቶ አቆመ። በርገር ሳይጎዱ ተነሡ፤ ድንጋጤው ግን አልለቀቃቸውም። በዚያው ዕለት ማታ ከአባታቸው የደኅንነታቸውን ሁኔታ የሚጠይቅ ቴሌግራም ደረሳቸው። አባታቸው ከዚያ በፊት ቴሌግራም ልከውላቸው አያውቁም። በኋላ ሲጣራ፣ በሩቅ ያለችው እህታቸው በዚያን ቀን ወንድሟ አደጋ ላይ እንደወደቀ ተሰምቷት አባቷን ነዝንዛ ያስላከችው ኖሯል።

በእኛም ሀገር ልቤ ነግሮኝ ነበር የሚባል አነጋገር አለ። በርገር በዚያ ዕለት የደረሰባቸው ጭንቀት በሆነ መንገድ ከአንጎላቸው ወጥቶ እህታቸው ዘንድ የደረሰ መሰላቸው። ከዚያ በኋላ ሐሳባቸው ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ዞረ፤ ሐሳብና ስሜት የሚመነጩት ከሥጋ ከሆነ በመሣሪያ ሊለኩ ይችላሉ ወይ የሚል ነበር። ይህንን ታሪክ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ሲያሰላስሉት ኖረው እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተሙት አነስተኛ መጽሐፍ ውስጥ ጽፈውታል።

እዚህ ላይ፣ ውድ አንባቢያን፣ እንደ ሐኪም አንድ ነገር ልበል። ሐሳብ ከሰው ወደ ሰው በአየር መተላለፉ በሳይንስ አልተረጋገጠም። የአንጎል ኤሌክትሪክ የራስ ቆዳ ላይ ሲደርስ እንኳ በጣም የደከመ ነው። ልባችን የነገረን ነገር እውነት የሆነበትን ቀን ዕድሜ ልካችንን እናስታውሳለን፤ ልባችን ፈርቶ ምንም ያልሆነበትን ብዙ ቀን ግን እንረሳዋለን። ማስታወስ ያደላል። ቢሆንም የበርገርን ጥያቄ አንናቀው፤ መነሻው ባይረጋገጥም ሕይወት የሚያድን መሣሪያ አስገኝቷልና።

የዬና ክሊኒክ ምሽቶች

በርገር ወታደርነቱን ጨርሰው ሕክምና ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1897 ተመርቀው ዬና በተባለችው የጀርመን ከተማ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ውስጥ በፕሮፌሰር ኦቶ ቢንስቫንገር ሥር ሥራ ጀመሩ። ከዚያች ከተማ ወጥተው የኖሩት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጦሩ በአእምሮ ሐኪምነት ሲያገለግሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 የክሊኒኩ ኃላፊ፣ በ1927 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ዝምተኛ፣ ሰዓት አክባሪና ጥብቅ ሰው ነበሩ። ቀን ሕሙማንን ይመለከታሉ፤ ምሽት ላይ ግን ብዙ ሰው ወደማያውቀው ምርምራቸው ይገባሉ።

የምርምራቸው ሐሳብ ይህን ይመስላል። አንጎል ከምግብና ከአየር ኃይል ያገኛል። ከዚያ ኃይል ከፊሉ ሙቀት ይሆናል፤ ከፊሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ የቀረው ወደ ሐሳብና ስሜት ይለወጥ ይሆናል። ሙቀቱንና ኤሌክትሪኩን መለካት ከተቻለ የሐሳብን ድርሻ ማስላት ይቻላል ብለው አመኑ። በመጀመሪያ ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ዝውውር ለኩ። ቀጥሎ የአንጎልን ሙቀት ለኩ። ሁለቱም የፈለጉትን አልሰጧቸውም።

የቀራቸው ኤሌክትሪኩ ነበር። ሪቻርድ ኬተን የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1875 ከጥንቸልና ከዝንጀሮ አንጎል ላይ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ማግኘታቸውን አስታውቀው ነበር። በርገርም እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ በእንስሳት ላይ ሞከሩ፤ መሣሪያቸው ግን ደካማ ስለነበር አልተሳካላቸውም። ችግሩን ለመረዳት መጠኑን እንመልከት። ከሰው ራስ ቆዳ ላይ የሚገኘው የአንጎል ሞገድ 50 ማይክሮቮልት አካባቢ ነው። ማይክሮቮልት ማለት የአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ ነው። የእጅ መብራት ውስጥ የምናስገባው አንድ ባትሪ ድንጋይ ያለው 1.5 ቮልት ከዚህ 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የልብ ኤሌክትሪክ እንኳ ከአንጎሉ በብዙ እጥፍ የጎላ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1924 ግን ነገሩ ተለወጠ። በቀዶ ሐኪሙ ኒኮላይ ጉሌከ የራስ ቅሉ የተከፈተ የ17 ዓመት ወጣት ነበር። አጥንቱ በተነሣበት በኩል በርገር ኤሌክትሮዶቻቸውን አድርገው ጋልቫኖሜትር ከሚባለው መለኪያ ጋር አገናኙ። መለኪያውም ትንሽ ተንቀጠቀጠ። በርገር 51 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ጥያቄውን ከጠየቁ 30 ዓመት ገደማ አልፎ ነበር ማለት ነው።

አምስት ዓመት ሙሉ መጠራጠር

ሌላ ሰው ቢሆን በማግሥቱ ያውጅ ነበር። በርገር ግን አምስት ዓመት ዝም አሉ። ያየሁት የአንጎል ነው ወይስ የልብ ምት? የጡንቻ እንቅስቃሴ ይሆን? የደም ሥር ትርታ ይሆን? የቆዳው ራሱ ኤሌክትሪክ ይሆን? እያሉ ራሳቸውን ይሞግቱ ነበር። እያንዳንዱን ጥርጣሬ በሙከራ አጣሩ። ራስ ቅላቸው ከተከፈተ ሕሙማን አልፈው ጤነኛ ሰዎችን ለኩ። ራሳቸውን ለኩ። ወንድ ልጃቸውን ደጋግመው ለኩ። ከአንድ የራስ ክፍል ወደ ሌላው ኤሌክትሮዱን እያዘዋወሩ፣ የልቡን ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን እየመዘገቡ፣ የብርሃን ነጥቡ በሚንቀሳቀስ የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ የሚተወውን መስመር ያነጻጽሩ ነበር።

በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1929 የመጀመሪያውን ጽሑፋቸውን አሳተሙ። እስከ 1938 ድረስ በአጠቃላይ 14 ተከታታይ ጽሑፎች አወጡ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በጸጥታ ሲቀመጥ በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል የሚመላለስ ሰፋ ያለ ሞገድ አገኙ፤ አልፋ አሉት። ዓይን ሲገለጥ ወይም ሰውየው ትኩረት ሲያደርግ አልፋው ይጠፋና ፈጠን ያሉ ትንንሽ ሞገዶች ይተኩታል፤ እነዚህን ቤታ አሏቸው። ዛሬም ድረስ በዓለም ያለ ሐኪም ሁሉ በእነዚህ ስሞች ይጠቀማል።

ጀርመን ውስጥ ብዙዎች ጆሮ አልሰጧቸውም። የአእምሮ ሐኪም የፊዚክስ መሣሪያ ይዞ ምን ያደርጋል የሚሉ ነበሩ። ነገሩን የለወጡት የኖቤል ተሸላሚው እንግሊዛዊ ኤድጋር ኤድሪያንና ባልደረባቸው ብራያን ማቲውስ ናቸው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1934 ኬምብሪጅ ላይ በራሳቸው ራስ ላይ ሞክረው የበርገር ግኝት እውነት መሆኑን በባለሙያዎች ፊት አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ የሀርቫርድ ተመራማሪዎች፣ ሕፃናት ለጥቂት ሰከንድ ፈዘው በሚቀሩበት የሚጥል በሽታ ዓይነት በሰከንድ ሦስት ጊዜ የሚመላለስ የተለየ ሞገድ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1937 ፓሪስ ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ የሥነ ልቦና ጉባኤ በርገር በክብር ተቀባበሉ።

አይቶ ማወቅ እና አስታውሶ ማውጣት

ከበርገር ሙከራዎች ለዛሬው ርዕሳችን ቅርብ የሆነው በሴት ልጃቸው ላይ ያደረጉት ነው። ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣ ሳለ ሒሳብ በቃሏ እንድትሠራ አዘዟት። ስትጀምር የአልፋው ሞገድ ቀነሰ፤ ስትጨርስ ተመለሰ። ሒሳብ በቃል መሥራት ቁጥሮችን በአእምሮ ይዞ መቆየትና የተማሩትን ማምጣት ይጠይቃል። እንዲህ ያለው የማይታይ ሥራ በወረቀት ላይ ምልክቱን ሲተው ታየ ማለት ነው። ግን ልብ በሉ፤ ወረቀቱ ልጅቱ እያሰበች መሆኗን አሳየ እንጂ የትኛውን ቁጥር እንዳሰበች አላሳየም።

ከበርገር በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህንን መንገድ ተከትለው ማስታወስን ራሱን ለኩ። ለዚህ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው አይቶ ማወቅ ነው፤ ነገሩ ፊታችን ቀርቦ አውቀዋለሁ ወይስ አላውቀውም የምንልበት። ሁለተኛው አስታውሶ ማውጣት ነው፤ ፊታችን ምንም ሳይቀርብ ከራሳችን ውስጥ ፈልገን የምናመጣበት። ተማሪ የነበራችሁ ሁሉ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ። የምርጫ ጥያቄ አይቶ ማወቅ ነው፤ ባዶ ቦታውን ሙሉ የሚለው ግን አስታውሶ ማውጣት ነው። በመንገድ ያገኛችሁት ሰው ፊት የመጀመሪያው ነው፤ ስሙ ሁለተኛው ነው። አንዱ ሳይጎድል ሌላው ሊያስቸግር የሚችለው ለዚህ ነው።

አይቶ ማወቅ የሚለካው እንዲህ ነው። ኤሌክትሮዶች ራሱ ላይ የተደረጉለት ሰው በመጀመሪያ በርካታ ቃላት በየተራ ያያል። ከዕረፍት በኋላ ያያቸውና አዳዲስ ቃላት ተደባልቀው ይቀርቡለታል፤ አይቼዋለሁ ወይም አላየሁም እያለ ቁልፍ ይጫናል። ለአንድ ቃል የሚሰጠው የአንጎል ምላሽ በሌላው እንቅስቃሴ ይዋጣል፤ በመርካቶ ግርግር መሀል የአንድን ሰው ሹክሹክታ ለመስማት እንደመሞከር ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ በብዙ አሥር የሚቆጠሩ ምላሾችን ሰብስበው አማካዩን ይወስዳሉ። ያን ጊዜ ሹክሹክታው ይሰማል።

አማካዩ ሲታይ ቀድሞ የታየ ቃልና አዲስ ቃል የሚያስነሱት ሞገድ ይለያያል። የመጀመሪያው ልዩነት ቃሉ በታየ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ፣ በግንባር በኩል ይታያል። ብዙ ተመራማሪዎች ይህንን አውቀዋለሁ ከሚል ደብዘዝ ያለ የመለመድ ስሜት ጋር ያያይዙታል፤ ክርክሩ ግን አላለቀም። ሁለተኛው ከ500 እስከ 800 ሚሊ ሰከንድ ባለው ጊዜ በኋለኛው የራስ ክፍል፣ ይበልጡን በግራ በኩል ይመጣል። ይህ የት፣ መቼ እና ከምን ጋር እንዳየነው ከማስታወስ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ሁሉ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ይጠናቀቃል።

አስታውሶ ማውጣትን መለካት ይከብዳል። የተረሳው ቃል በየትኛው ቅጽበት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ሰውየው ለመናገር አፉን ሲከፍት ደግሞ የመንጋጋውና የምላሱ ጡንቻ ኤሌክትሪክ የአንጎሉን ይሸፍነዋል። ቢሆንም በማስታወስ ጥረት ጊዜ በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚመላለሱት ቴታ የተባሉ ሞገዶች እንደሚለወጡ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። ሰውየው ቃሉን መጀመሪያ ባጠናበት ሰዓት የነበረው ሞገድም በኋላ የሚያስታውሳቸውንና የሚረሳቸውን ቃላት በተወሰነ ደረጃ ይለያል። ጥሩ ማስታወስ የሚጀምረው ስናጠና፣ በትኩረታችን ሰዓት ነው።

ይህ ሁሉ በምርምር ክፍል፣ ከብዙ ሰዎችና ከብዙ ድግግሞሽ በሚገኝ አማካይ የተደረሰበት ነው። በሆስፒታል የሚሠራው መደበኛ ኢ.ኢ.ጂ. የእናንተን የማስታወስ ችሎታ አይመዝንም፤ የረሳችሁትን ስም አያወጣም፤ የሸሸጋችሁትንም ምስጢር አያነብም።

መሣሪያው ያላየው

የበርገርን ሕይወት የሚተርክ ሰው አንድ ጨለማ ምዕራፍ መዝለል የለበትም። በጀርመን ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ፣ በዘር የሚተላለፍ ሕመም አለባቸው የተባሉ ሰዎች ያለ ፈቃዳቸው እንዲመክኑ የሚያስገድድ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1933 ወጣ። በዝርዝሩ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን፣ መስማትና ማየት የተሳናቸው፣ እንዲሁም በዘር የመጣ ነው የተባለ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ይገኙበታል። በዚህ ሕግ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰዎች እንዲመክኑ እንደተደረጉ ይገመታል። በርገር ለረጅም ዓመታት ናዚዎች የገፏቸው ሰው ተደርገው ሲነገርላቸው ቆይቷል። በኋላ የተመረመሩ ሰነዶች ግን የኤስ.ኤስ. ደጋፊ አባል እንደነበሩና ዬና ላይ እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን በይግባኝ በሚያየው የዘር ጤና ፍርድ ቤት ውስጥ እንደተሳተፉ ያሳያሉ።

ይህንን የምጽፈው ሰውየውን ለማዋረድ አይደለም። መሣሪያቸው ከማንም በላይ የጠቀመው የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ነው። እርሳቸው የተሳተፉበት ችሎት የሚያስፈጽመው ሕግ ደግሞ እነዚያኑ ሰዎች ልጅ እንዳይወልዱ የሚከለክል ነበር። ሕመምተኛውን እንደ ሰው ካላየነው የቱንም ያህል ረቂቅ መሣሪያ ቢኖረን ሐኪምነታችን ይጎድላል። በእኛም ማኅበረሰብ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ማግለል፣ ለሀጩ ያስተላልፋል ብሎ መሸሽ፣ ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት ገና አልቀረም። በሽታው በንክኪ አይተላለፍም፤ ክብሪቱም አያድንም። የወደቀውን ሰው በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

በርገር እ.ኤ.አ. በ1938 በጡረታ ተሰናበቱ። ከዚያ በኋላ ጤናቸው ታወከ፤ ልባቸው ታመመ፤ ከባድ ድባቴም ያዛቸው። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 1941 በ68 ዓመታቸው ዬና ውስጥ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። ዕድሜያቸውን በአእምሮ ሕክምና ያሳለፉ፣ የሰውን አንጎል ምልክት ለማየት የመጀመሪያው የሆኑ ሰው ነበሩ። ድባቴ ግን በወረቀት ላይ በሚሳል ሞገድ የሚታወቅ ሕመም አይደለም። የሚታወቀው ሰው ሲናገርና የሚሰማው ሲያገኝ ነው። ሕክምናም አለው።

ለእናንተ የሚሆን ምክር

አንደኛ፣ መርሳት ሁሉ በሽታ አይደለም። ስም አፍ ላይ ደርሶ ቢመለስና ቆይቶ ቢመጣ፣ ቁልፍ ያስቀመጣችሁበት ቢጠፋባችሁ የሚያስደነግጥ አይደለም። ሐኪም ዘንድ መቅረብ የሚያስፈልገው ሰውየው በሚያውቀው ሰፈር መንገድ ሲጠፋበት፣ አንድ ጥያቄ መልስ ካገኘ በኋላ ደጋግሞ ሲጠይቅ፣ የለመደውን ሥራ ቅደም ተከተል ሲያጣ፣ የቅርብ ቤተሰቡን ፊት መለየት ሲያቅተው ነው። በድንገት የመጣ መደናገር፣ የንግግር መያዝ ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ለመርሳት ከሚዳርጉት ውስጥ ሊታከሙ የሚችሉ ብዙ ናቸው። የእንቅልፍ እጦት፣ ድባቴና ጭንቀት፣ የታይሮይድ ዕጢ መታወክ፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የአልኮል መጠጥ፣ የአንዳንድ መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳትና የተለያዩ ኢንፌክሽኖች ይጠቀሳሉ። ስለዚህ ሐኪም ከሽቦው በፊት ጥያቄ ቢያበዛባችሁ አትሰልቹ። አብሯችሁ የሚኖር ሰው ይዛችሁ ኑ፤ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ አምጡ፤ መቼ እንደጀመረ አስባችሁ ኑ።

ሦስተኛ፣ ኢ.ኢ.ጂ. ከታዘዘላችሁ አትፍሩት። መሣሪያው ከአንጎል የሚወጣውን ይቀበላል እንጂ ወደ ሰውነታችሁ ኤሌክትሪክ አይልክም፤ አያምም። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል። ከዋዜማው ፀጉራችሁን ታጠቡ፤ ቅቤም ሆነ ሌላ ቅባት አትቀቡ፤ ሹሩባ ካላችሁ መፈታት እንዳለበት አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሐኪም ሳያዝ አታቋርጡ። ውጤቱ ጤናማ ነው ቢባልም የሚጥል በሽታ የለም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ሞገዱ በተለካበት ሰዓት ላይታይ ይችላልና። መርሳት ከሚጥል በሽታ ወይም ከአንጎል መታወክ ጋር መያያዙ ሲጠረጠር ምርመራው ይረዳል፤ የመርሳት በሽታን ግን ብቻውን አይወስንም።

አራተኛ፣ ማስታወሳችሁን ለማጠንከር አስታውሶ ማውጣትን ተለማመዱ። ተማሪዎች መጽሐፉን ደጋግመው ሲያነቡ የሚሰማቸው የአውቀዋለሁ ስሜት ያታልላቸዋል፤ ያ አይቶ ማወቅ ብቻ ነው። መጽሐፉን ዘግታችሁ ያነበባችሁትን ለራሳችሁ ወይም ለጓደኛ ተናገሩ። የአብነት ተማሪውም ቁርኣን የሚያፍዘው ልጅም በቃላቸው እንዲወጡ የሚደረገው በከንቱ አይደለም። ከዚያም ተኙ። በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ አንጎል የሚያወጣቸው ቀርፋፋና ሰፋፊ ሞገዶች ቀን የተማርነውን ከማጽናት ጋር የተያያዙ ናቸው። ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ የሚያነብ ልጅ ያነበበውን የሚያጸናበትን ሰዓት ነው የሚያጣው።

በመጨረሻ፣ የነበረው ደስታ ከጠፋባችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላችሁ፣ ነገር መርሳት ከጀመራችሁና ከዚህ ጋር መኖር የከበዳችሁ ከመሰላችሁ፣ ዝም አትበሉ። ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ በአቅራቢያችሁ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ከቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ነገር የተናገረ ካለም ብቻውን አትተዉት፤ አጅባችሁ ውሰዱት። ሐኪሙ የሚያውቀው ስትነግሩት ነው።

ቸር እንሰንብት።